የስትሮንግ ኮንኮርዳንስ፦ “ዬሌቅ”ን ይዞ ሲፈተሽ

ዕብራይስጥ የማያነብ ሰው የብሉይ ኪዳንን ቃል ለመመርመር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚከፍተው የስትሮንግን ኮንኮርዳንስ (እያንዳንዱ ቃል በየትኞቹ ጥቅሶች እንደሚገኝ የሚዘረዝር መጽሐፍ) ነው። ጄምስ ስትሮንግ በ1890 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህ ሥራ ለዕብራይስጡና ለአረማይኩ ቃላት ከ1 እስከ 8674 ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ የቅጂ መብቱ ጊዜ ስላለፈም በነጻ መተግበሪያዎች ውስጥ እንደ ልብ ይገኛል። ጥንካሬውም ድክመቱም ቁልጭ ብሎ የሚታየው በነፍሳት ስሞች ላይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኢዩኤል 1፥4 ላይ ባለው “ዬሌቅ”።

ጥቅሱ አራት ተባዮችን ይደረድራል፦ ጋዛም፣ አርቤ፣ ዬሌቅ፣ ሐሲል። የ1954ቱ የአማርኛ ትርጉም ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያ፣ ኩብኩባ ይላቸዋል። ኮንኮርዳንሱ የተሠራው ኪንግ ጄምስ በሚባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ላይ ስለሆነ “ደጎብያ” ብሎ የሚፈልግ ምንም አያገኝም። መግቢያው ጥቅሱ ነው። የስትሮንግ ቁጥር ያለበትን ኢንተርሊኒየር (ዕብራይስጡንና ትርጉሙን ቃል በቃል አጣምሮ የሚያሳይ ጽሑፍ) ከፍተው ሦስተኛውን ተባይ ሲነኩት 3218 ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ይህ ቁጥር ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ “አባጨጓሬ” ብሎ የፈለገ ሰው ዬሌቅንና ሐሲልን (2625) አደባልቆ ያገኛል፤ ኪንግ ጄምስ ያንኑ ቃል ለሁለቱም ተጠቅሟልና። በላቲን ፊደል በተጻፈው አጠራር መፈለግም አያስተማምንም፤ በአንዳንድ ዲጂታል ቅጂዎች ቃሉ በስህተት “ዬኬቅ” ተብሎ ገብቷል።

ፍቺው አጭር ነው፦ “መላስ” የሚል ትርጉም ካለው፣ በጥቅም ላይ ከማይገኝ ሥር የወጣ፤ በላተኛ፤ በተለይም ገና ያላደገ አንበጣ። ቀጥሎ ሁለት ነጥብና ሰረዝ ይመጣና ሁለት የእንግሊዝኛ የትል ስሞች ይከተላሉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው ፍቺ አይደለም፤ ኪንግ ጄምስ ቃሉን በምን በምን እንደተረጎመው የሚያሳይ ዝርዝር ነው። ሐርጎልም (2728፣ ዘሌዋውያን 11፥22) እንዲሁ ነው። ከሰረዙ በፊት “ዘላይ ነፍሳት፣ አንበጣ” ይላል፤ ከሰረዙ በኋላ “ጢንዚዛ”። ከፍ ብሎ የዚያው ምዕራፍ ቁጥር 21 ግን የሚበላው ነፍሳት መዝለያ እግር ሊኖረው ይገባል ስለሚል ጢንዚዛ ከጥቅሱ ጋር አይሄድም።

የመጽሐፉ እውነተኛ ሀብት የጥቅሶቹ ዝርዝር ነው። ዬሌቅ ዘጠኝ ጊዜ ይገኛል፦ መዝሙር 105፥34 (በሰባ ሊቃናት አቆጣጠር መዝሙር 104)፣ ኤርምያስ 51፥14 እና 27፣ ኢዩኤል 1፥4 ሁለት ጊዜ፣ 2፥25፣ ናሆም 3፥15 ሁለት ጊዜ፣ 3፥16። ዘጠኙን ደርድሮ አጠገባቸው ያለውን ግስ ማየት ከየትኛውም ፍቺ ይበልጣል። ናሆም 3፥16 ላይ ዬሌቅ “ፋሻጥ” ያደርግና ይበርራል። ፋሻጥ (6584) በ1 ሳሙኤል 19፥24 ሳኦል ልብሱን ሲያወልቅ የገባው ግስ ነው። የበረሃ አንበጣ ኩብኩባ (ገና ክንፍ ያላወጣው) ብዙውን ጊዜ አምስት ደረጃ ያልፋል፤ በመጨረሻ ቆዳውን ገፍፎ ሲወጣ ክንፉ ይዘረጋል፣ ገላው ሲጠነክርም ይበርራል። ትል ይህን አያደርግም። ፋሻጥ በ1 ሳሙኤል 30፥14 እንደሚታየው “መዝመት፣ መውረር” የሚል ትርጉምም አለው። ስትሮንግ ሁለቱንም ትርጉም ይሰጣል፤ የቱ ለየትኛው ጥቅስ እንደሚስማማ ግን አይለይም።

አራቱ ስሞች የአንድ አንበጣ የእድገት ደረጃዎች ናቸው የሚለውን ሐሳብ ለመመዘንም ዝርዝሩ ይጠቅማል። ኢዩኤል 2፥25 ላይ ቅደም ተከተሉ አርቤ፣ ዬሌቅ፣ ሐሲል፣ ጋዛም ሆኖ ተቀይሯል። ስለዚህ ከ1፥4 ተነስቶ “አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ” ብሎ መቁጠር አያስኬድም።

ዋናው ጉድለቱ ክርክር ያለበትን ቃል በአንድ መልስ መዝጋቱ ነው። የግብፅ መቅሠፍት የሆነውን ዓሮብ (6157) በቀጥታ “ትንኝ” ይለዋል። ሰባ ሊቃናት ግን “የውሻ ዝንብ” ብለውታል፤ የመካከለኛው ዘመን አይሁዳዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ራሺ ደግሞ የአራዊት መንጋ ነው ይላል። ጥቅሱን በዕብራይስጡ ሲፈልጉ ዘፀአት 8፥21 እዚያ 8፥17 መሆኑን መያዝ ያስፈልጋል።

ለቁጥሩና ለጥቅስ ዝርዝሩ ሲባል ስትሮንግን ያለ ማመንታት እንመክራለን። ለፍቺው ግን የ1906ቱን የብራውን፣ ድራይቨርና ብሪግስ መዝገበ ቃላት አብሮ መክፈት ይገባል፤ የስትሮንግ ቁጥር የገባበት እትም ስላለው በ3218 በቀጥታ ይደረስበታል፣ ትርጉሞቹንም ከነጥቅሳቸው ከፋፍሎ ያሳያል።