ቴከን 8 ወይስ ስትሪት ፋይተር 6፦ የትኛውን ሽንፈት ትችላላችሁ?

ሁለት ተፋላሚዎች አንድ ለአንድ ከሚደባደቡባቸው የቪዲዮ ጌሞች አንዱን፣ ቴከን 8ን፣ እንደ ጀመርኩ በኢንተርኔት ካደረግኋቸው የመጀመሪያ አሥር ግጥሚያዎች ዘጠኙን ተሸነፍኩ። መሸነፌ አልገረመኝም፤ ሌላው የፍልሚያ ጌም ስትሪት ፋይተር 6ም በወጣበት ሰሞን እንዲሁ ነበር የተቀበለኝ። የገረመኝ የሁለቱ ሽንፈት ጣዕም መለያየቱ ነው። በስትሪት ፋይተር የምሸነፈው ስለምቸኩል ነው። በቴከን የምሸነፈው ስለማላውቅ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት የሚፈልግ ሰው ከምስሉ ጥራት አስቀድሞ ይህንን ቢያስብበት ይበጀዋል።

በቸኮለው ልጀምር። ካፕኮም ጁን 2 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስትሪት ፋይተር 6 የቆመው ድራይቭ በሚባል የጉልበት መለኪያ ላይ ነው። ዙሩ ሲጀመር ስድስት ክፍል ያለው መለኪያ ሙሉ ሆኖ ይሰጣችኋል፤ እስኪጠራቀም መጠበቅ የለም። የባላጋራን ምት ችሎ የሚገባው ድራይቭ ኢምፓክት አንድ ክፍል ይበላል፤ የተጠናከረ ልዩ ምት ሁለት፤ ተራ ምትን አቋርጦ ወደ ፊት መንደርደር ሦስት። መመከት እንኳን ይሸረሽረዋል። ባዶ ሲሆን ተፋላሚያችሁ በርንአውት ውስጥ ይገባል፦ ልዩ ምቶችን ብትመክቱም ሕይወታችሁ ይቀንሳል፤ ከግድግዳ ተጣብቃችሁ ድራይቭ ኢምፓክት ካገኛችሁ ደግሞ ደንዝዛችሁ ትቆማላችሁ። ደመወዙን በተቀበለ በሦስተኛው ቀን ጨርሶ ወሩን በብድር የሚገፋ ሰው ይህን ጌም ሳይነገረው ይገባዋል። ዙሩ ሲያልቅ ጥፋቱ የማን እንደ ነበር አያከራክርም፤ መለኪያውን ያባከንኩት እኔው ነኝ።

ቴከን 8 ሌላ ዓለም ነው። ባንዳይ ናምኮ ጃንዋሪ 26 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው 32 ተፋላሚዎችን ይዞ ነው የመጣው፤ ስትሪት ፋይተር 6 ሲወጣ የነበሩት 18 ናቸው። ብዛቱ በማስታወቂያ ላይ ያምራል። ነገር ግን የአብዛኞቹ የምት ዝርዝር ከመቶ ያልፋል፤ እያንዳንዱ የማታውቁት ምት ደግሞ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። ይህ ከላይ ነው ከታች የሚመጣው? ጎንበስ ብዬ ላሳልፈው እችላለሁ? በጎን ብወጣለትስ? በስትሪት ፋይተር መንገዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው፤ ቀሪው ዝላይና ከርቀት የሚወረወር እሳት ነው። በቴከን ወደ ጎንም መራመድ አለ፤ አራቱ ቁልፎችም ለሁለቱ እጆችና ለሁለቱ እግሮች የተመደቡ ናቸው። ቪክተር የተባለው አዲሱ ፈረንሳዊ ተፋላሚ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጥመኝ ምን እንደ መታኝ ሳላውቅ ሦስት ዙር ተጠናቀቀ። ቸኩዬ አልነበረም። ምንም አላደረግሁም።

በዚህ ላይ ሂት የሚባለው አዲስ ሥርዓት አለ። በዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይነሣል፤ ለአሥር ሰከንድ ያህል ተፋላሚያችሁ ይበረታል፣ ምቱን የመከተ ባላጋራም ቢሆን ሕይወቱ ይሸረፋል። ከጠፋው ሕይወት የተወሰነውን በማጥቃት መልሶ ማግኘትም ይቻላል። የዚህ ሁሉ ውጤት አንድ ነው፤ በቴከን 7 ራቅ ብሎ የባላጋራን ስሕተት ይጠብቅ የነበረ ሰው አሁን ቦታ አጥቷል። ሲያጠቁ ደስ ይላል፤ ድምፁም ብልጭታውም ልብ ያሞቃል። ሲጠቁ ግን እነዚያ አሥር ሰከንዶች ይረዝማሉ። እኔ ትንሽ በዛ ብያለሁ።

ታዲያ አለማወቁን ለመሻር የሚሰጠው መሣሪያ ከሁለቱ የቴከኑ ነው የማረከኝ። የተሸነፋችሁበትን ግጥሚያ ቀረጻ ከፍታችሁ፣ የተመታችሁባት ቅጽበት ላይ አቁማችሁ፣ ጆይስቲኩን ተረክባችሁ ሌላ መልስ መሞከር ትችላላችሁ። እዚህ ጋ በዚህ ምት መቅጣት ይቻል ነበር እያለ ይጠቁማችኋልም። ቪክተርን ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው፤ አንድ ምሽት ፈጅቶብኛል። ስትሪት ፋይተር 6 በበኩሉ የልምምድ ክፍሉ ላይ ማን ቀድሞ መንቀሳቀስ እንደሚችል በቀለም የሚያሳይ መስመር አለው። ለቁጥር ወዳጆች ድንቅ ነው፤ ለጀማሪ ግን የሐኪም ጽሑፍ የማንበብ ያህል ነው።

ለጀማሪ የታሰበው ሌላ ነው። ስትሪት ፋይተር 6 ዘመናዊ የሚለው አጨዋወት ልዩ ምቶችን በአንድ ቁልፍ ያወጣል፤ በአቋራጭ የወጣው ምት ጉዳቱ በ20 በመቶ ይቀንሳል፣ ከተራ ምቶችም የተወሰኑት ይቀራሉ። ውሳኔው ከግጥሚያው በፊት ነው። ቴከን 8 ስፔሻል ስታይል የሚለውን ደግሞ በግጥሚያው መሐል በአንድ ቁልፍ ማብራትና ማጥፋት ይቻላል። የካፕኮሙ ይበልጣል፤ በእርሱ ጀምሮ እዚያው እያደጉ ሩቅ መሄድ ይቻላልና። የቴከኑ የእንግዳ ማስተናገጃ ነው። በእርግጥ ቴከን ለእንግዳ ማስተናገጃም ብዙ አያስፈልገውም፤ ታናሽ ወንድሜ ቁልፎቹን እንዳገኘ እየደበደበ ሁለት ዙር አሸንፎኛል፣ እስከ አሁንም ይነሣል።

ብቻቸውን ለሚጫወቱ፦ ቴከን 8 የጂንንና የአባቱን የካዙያን ጠብ የሚተርክ፣ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ትልቅ የፊልም ያህል ታሪክ አለው። ስትሪት ፋይተር 6 የራሳችሁን ሰው ፈጥራችሁ በሜትሮ ሲቲ ጎዳናዎች አላፊ አግዳሚውን ለፍልሚያ የምትጋብዙበት፣ ከታዋቂዎቹ ተፋላሚዎች ምት የምትማሩበት ረጅም ጉዞ ይሰጣል። ታሪኩ ቀጭን ነው፤ ሰዓቱ ግን ብዙ ነው።

ሁለቱም ከሌላ ኮንሶል ባለቤት ጋር ያጋጥማሉ፤ በኢንተርኔት ሲጫወቱ የሚፈጠረውን መዘግየት የሚሸፍን የሮልባክ ሥርዓትም አላቸው። ፕሌይስቴሽን 4 ብቻ ያለው ሰው ምርጫው አልቋል፤ ቴከን 8 እዚያ ላይ አይሠራም። በኮምፒውተር የሚጫወቱም ቦታ ይለኩ፦ ቴከን 100 ጊጋባይት፣ ስትሪት ፋይተር 60 ጊጋባይት ይጠይቃሉ።

ሁለቱም ነጻ ማሳያ አውጥተዋል። በስትሪት ፋይተሩ ሪዩንና ሉክን፣ በቴከኑ ጂንን፣ ካዙያን፣ ፖልንና ኒናን መሞከር ይቻላል። ከሚበልጣችሁ ሰው ጋር ተቀመጡና በሁለቱም አምስት አምስት ጊዜ ተሸነፉ። ከአምስተኛው በኋላ እጃችሁ ሳታዝዙት ወደ ድጋሚው ቁልፍ የሄደበትን ግዙ። የእኔ በቴከን ሄዷል፤ በስትሪት ፋይተር ግን የተሻልኩ ተጫዋች ነኝ።