የደንገጎ የመታሰቢያ ጉዞ፦ ቦታው ልክ፣ ሰዓቱ ስህተት

እሁድ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ለገሃር ፊት ለፊት እንገናኝ ተባለ። እኔ ድሬዳዋን ስለማውቅ 12 ሰዓት ደረስኩ። ሚኒባሱ ከኔም በላይ ያውቃታል መሰለኝ፣ 1 ሰዓት ከሩብ መጣ። ይህን መዘግየት ያዙልኝ፣ ኋላ ዋጋ አስከፍሎናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሬዳዋን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ለሞቱት መታሰቢያ ባንዲራ ይዘው ተራራ የሚወጡ ልጆች እንዳሉ መሥሪያ ቤት አብራኝ የምትሠራ ልጅ ነገረችኝ። ስም እንኳን የላቸውም። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ፣ ሁለት አስተባባሪ፣ ከሆነ ግቢ የተዋሱት ብረት፣ በቃ። 900 ብር ትከፍላለህ። ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ ውሃና መንገድ መሪ አለበት። ሄጄ መጣሁ። ጉልበቴ እስካሁን አልተመለሰልኝም። ግን "እንዴት ነበር?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልጻፈው።

ሃሳቡን ያመጡት ከአሜሪካ ነው፣ እነሱም አይደብቁም። ኒው ሃምፕሸር የሚባለው ግዛት ውስጥ ከ4,000 ጫማ በላይ የሆኑ 48 ተራሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው ዮርክ ላይ ያ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ከደረሰ ከአራት ቀን በኋላ ስድስት ሰዎች ማውንት ሊበርቲ የሚባለውን ወጡና ጫፉ ላይ ባንዲራ ሰቀሉ። በዓመቱ 48ቱም ላይ ተሰቀለ። ዛሬም በየዓመቱ ይደረጋል፣ "ፍላግስ ኦን ዘ ፎርቲ ኤይት" ይሉታል። እያንዳንዱን ተራራ አንድ ቡድን ይይዛል። ምሰሶውን በቁርጥራጭ ተሸክመው ይወጣሉ፣ እላይ ይገጣጥሙታል፣ በሁሉም ጫፎች ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ይውለበለባል። ከዚያ አውርደው፣ ፈታትተው፣ ተሸክመው ይመለሳሉ።

ሚኒባስ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ ጫማውን ወደ ሜትር ስቀይረው ሳቄ መጣ። 4,000 ጫማ 1,219 ሜትር ነው። ድሬዳዋ ራሷ እኮ 1,200 ገደማ ላይ ናት! እዚያ ሰዎቹ ተራራ ብለው የሚቆጥሩበትን ከፍታ እኛ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣበታለን። ሐረር ደግሞ አይወራም። የነሱ ትልቁ ማውንት ዋሽንግተን 1,917 ሜትር ነው፣ በግንብ የተከበበው የሐረር ጁገል በከፍታ ከሱ ብዙም አይርቅም። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ከኋላ ወንበር አንድ የሐረር ልጅ "አቦ እኛማ ጫፍ ላይ ነው የተወለድነው፣ መውጣት ለምን አስፈለገ" አለ። በሜትር ብቻ ግን አትፍረዱ። እዚያው ማውንት ዋሽንግተን ላይ እ.ኤ.አ. በ1934 በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ተመዝግቧል። ተራራ ሰውን የሚያዋርደው በአየሩ ነው። እኛም ከሰዓታት በኋላ ገባን።

አሁን ወደ ጥሩው ነገር ልምጣ። የመረጡት ቦታ! ሌላ ቡድን ቢሆን ለፎቶ የሚያምር ተራራ ይፈልግ ነበር። እነዚህ ግን ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጣ ካለው ከደንገጎ በላይ ያለውን ራስ መረጡ። ለምን ብዬ ስጠይቅ አስተባባሪው "ውሃው የመጣው ከዚህ ነው" አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠም፣ አላስፈለገም።

ለማታውቁ፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998፣ ቅዳሜ ለእሁድ ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው ጎርፉ የመጣው። ከ250 ሰው በላይ ሞተ። ብዙዎች አስከሬናቸው እንኳን አልተገኘም። ደቻቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አብዛኛውን ዓመት ወንዝ አይባልም፣ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ከተማዋ ውስጥ ቆመህ ሰማይ ብታይ ምንም አይነግርህም፣ ምክንያቱም ከባዱ ዝናብ የሚጥለው ከላይ ደጋው ላይ ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ይህን ለዓመታት ሰምቼዋለሁ፣ ግን ገብቶኝ አያውቅም ነበር። እላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ገባኝ። ተራራው ብዙ ቦታ ራቁቱን ነው። ከየአቅጣጫው ትንንሽ ሸለቆዎች ይወርዳሉ፣ አንዱ ከአንዱ ይገናኛል፣ ሁለቱ ከሌሎች ሁለት ይገናኛሉ፣ ሁሉም ታች አንድ ቦታ ይገባሉ፣ ከዚያ በኋላ በጉም መሃል ቆርቆሮ የሚያብለጨልጭበት ያ ከተማችን ነው። ለዚህ እይታ ብቻ 900 ብሩ አይቆጨኝም።

(በነገራችን ላይ ባቡሩም ይህን ዳገት ፈርቶ ነው ሐረር ያልገባው። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ እዚህ ሥር ሲደርስ ወደ ላይ መውጣቱን ተዉትና እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሐረሮች እስከ ዛሬ ይሄን ይቅር ያሉን አይመስለኝም።)

መንገዱ። ከአስፋልቱ ወርደን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዘናል። መንገድ መሪያችን የአካባቢው ልጅ ነው፣ ዕድሜው ሃያ አይሞላም፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ፣ የምሰሶውን ብረት ተሸክሞ፣ ከሁላችንም ፊት። እኛ አዲስ ስኒከር አድርገን እንንፏቀቃለን። ሐምሌ ስለሆነ ማሽላው ወገብ ደርሷል፣ በለሱም ደርሷል። ሁለት የኛ ሰዎች ፎቶ ለመነሳት ማሽላው ውስጥ ገቡ። ልጁ አልጮኸም። ብረቱን መሬት አስቀመጠ፣ ቆመ፣ እስኪወጡ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ማንም አልገባም። ይህን ልጅ ከአምስት አምስት ስጡልኝ፣ ገና ሌላም ምክንያት አለኝ።

አብራን የምትሄድ አንዲት እናት ነበረች። ስድሳ ያለፋት ይመስለኛል። አስተባባሪው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ከርሞ ነው መሰለኝ "እማማ፣ ይደገፉኝ፣ ቀስ ይበሉ" ሲላት ሳቀችበት። "አንተ ልጅ፣ አንቱ የምትለኝ አርጅታለች ልትል ነው? ድሬ ውስጥ አንቱ የለም!" አለችው። ከዚያ በኋላ አንቺ ተባለች፣ ደስም አላት።

የትኛው ባንዲራ ነው የሚሰቀለው የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ ጠብቄ ነበር፣ ዘንድሮ ያለ ጭቅጭቅ ባንዲራ የለምና። መልሱ ቀላል ነበር፣ ነጭ። ነጭ አቡጀዲ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁራጭ ይዞ ይመጣል፣ ያጣውን ሰው ስም ይጽፍበታል፣ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ቁራጮቹ አንድ ትልቅ ጨርቅ ላይ ይሰፋሉ። ሰው ያላጣም ይመጣል፣ ለማያውቀው ሰው ይሸከማል። እኔ የጻፍኩት አንድ ክፍል እንማር የነበረ ልጅ ስም ነው። በማርከር ጻፍኩ።

አሰቃቀሉን ልንገራችሁ፣ ሠርተው ያውቁበታል። ምሰሶው ሦስት ቁራጭ የውሃ ቧንቧ ብረት ነው፣ አንዱ አንዱ ውስጥ ይገባል። መሬቱ ዓለት ስለሆነ አይቆፈርም። ድንጋይ ከምረው እግሩን ያጣብቁታል፣ ከመሃሉ ሦስት ገመድ በሦስት አቅጣጫ ይወጥራሉ፣ እያንዳንዱን ገመድ ሰው የማያነሳው ድንጋይ ላይ ያስራሉ። ሦስት መሆን አለበት፣ በሁለት ገመድ ነፋሱ በሚገፋው በኩል ይጥለዋል። አንደኛው ገመድ ላልቶ ነበር፣ መንገድ መሪው ልጅ ነው ያየው። ጨርቁ ሲወጠር እንደ ጥፊ ጮኸ። አንድ ሰው ዱዓ አደረገ። ሁለት ሴቶች አባታችን ሆይ አሉ። ንግግር አልነበረም፣ ለዚህም አመሰግናለሁ። እኛ አገር ማይክ የሌለበት ዝግጅት ብርቅ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ቆንጆ። ችግሩ ሰዓቱ ነው።

እንደ አሜሪካኖቹ ከ6 እስከ 8 ሰዓት እናውለበልባለን ብለው ወስነዋል። ሰዓቱን እንዳለ ቀድተውታል። እነሱ የሚወጡት በሴፕቴምበር ነው። እኛ የወጣነው በሐምሌ፣ በክረምት መሃል። እዚህ በክረምት ጠዋት ብሩህ ይሆናል፣ ከቀትር በኋላ ደመናው ይቆለላል፣ ከዚያ ያወርደዋል። ይህን ለማወቅ ሜትሮሎጂ መማር አያስፈልግም፣ ልጁ ገና ስንወጣ "ከስድስት ሰዓት በኋላ እዚህ ከብት እንኳን አናቆይም" ብሎ ነበር። ማንም አልሰማውም። ከላይ ደግሞ ጠዋት ያቃጠልነው ሰዓት አለ፣ ጫፉ ላይ ስንደርስ 5 ሰዓት አልፏል።

7 ሰዓት ከሩብ ላይ የመጀመሪያው ነጎድጓድ መጣ። አስቡት፣ ዙሪያውን ከኛ የሚበልጥ ነገር የለም፣ መሃላችን ላይ ደግሞ የብረት ቧንቧ ቆሟል። አስተባባሪው "ሁለት ሰዓት መሙላት አለበት" አለ። ከልቡ ነው የሚለው፣ ቃል ገብቷል። ያቺ እናት ናት የቆረጠችው። "ልጄ፣ የሞቱትን ልናስብ ነው የመጣነው፣ ልንጨምርባቸው አይደለም። አውርዱ።" ወረደ። ግን በክርክሩ አሥር ደቂቃ ጠፍቶ ስለነበር ገመድ ስንፈታ ዝናቡ ያዘን። አቡጀዲውን ስናጥፍ የማርከሩ ቀለም መሮጥ ጀመረ። የጓደኛዬ ስም ወደ ሰማያዊ ውሃ ተለወጠና በጣቴ መሃል ወረደ። ከሱ ጎን የዚያች እናት ቁራጭ ነበር። በቀይ ክር የተጠለፈ አራት ፊደል። ጠብታ አልነካውም።

ስንወርድ ጠዋት በደረቁ የተሻገርናት አንዲት ቦይ ነበረች፣ ሁለት እርምጃ የማትሞላ። ደርሰን ስናያት ቡና የመሰለ ውሃ እየሮጠባት ነው። ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ይመስላል። ሰው በርዶታል፣ ሚኒባሱ ከወዲያ ይታያል፣ "እንዝለላት" አልን። ልጁ እምቢ አለ። ቁጭ አለ፣ አስቀመጠን። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ጉልበት ደረሰ፣ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ድንጋዩ ሲጋጭ እግራችን ሥር ይሰማ ነበር። ማንም አላወራም። አርባ ደቂቃ ጠብቀን ሲጎድል ተሻገርን። ለዚህ ነው አምስት ከአምስት ያልኩት።

ምሳው? ሳምቡሳና ዳቦ፣ ቀዝቃዛ። ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭም ነበረ፣ እሱ ግን በዝናቡ ሟሟ። በ900 ብር ቢያንስ አንድ ፔርሙዝ ሻይ ይጠበቃል። ለመንገድ መሪው ስንት እንደሚሰጡት ጠይቄ መልሱ አልጣመኝም። የተወሰንን ሰዎች አዋጥተን ለብቻው ሰጠነው፣ እናንተም ብትሄዱ እንዲሁ አድርጉ። የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ አለ ተብሎ ነበር፣ ቦርሳው ሲከፈት ፕላስተር ብቻ ነው ያለው።

በግሩፑ ላይ ሁሉንም ጽፌላቸዋለሁ። ብረቱን በቀርከሃ ቀይሩት፣ 11 ሰዓት ተኩል ካላችሁ 11 ሰዓት ተኩል ውጡ፣ ባንዲራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ይውለብለብ፣ 6 ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ ቁልቁለት ላይ ይሁን። የአሜሪካኑን ልማድ ከወደዳችሁ ተሸክሞ መመለሱን ውሰዱ፣ እሱን በደንብ ይዘውታል፣ አንድ የውሃ ጠርሙስ እንኳን እላይ አልቀረም። አስተባባሪው በሰዓቱ ተስማምቷል። በቀርከሃው ገና እየተከራከርን ነው፣ "ይጎብጣል" ይላል። ይጉበጣ!

ማታ ስንመለስ የደቻቱ ድልድይ ላይ ሰው ተደርድሮ ውሃ ያያል። ከተማው ውስጥ አንድ ጠብታ አልጣለም ነበር፣ አስፋልቱ ደረቅ ነው። ወንዙ ግን ከዳር እስከ ዳር ባይሆንም መጥቷል። ሾፌሩ ሳይነገረው ቀስ አለ።

ለከርሞ እሄዳለሁ። ትናንት ቀፊራ ገበያ ወርጄ አቡጀዲ ገዛሁ፣ ቀይ ክርም ጨምሬ። መጥለፍ ስለማልችል ለእናቴ ሰጠኋት። የማን ስም እንደሆነ ስነግራት መርፌውን አስቀመጠችና "ያ ቤታችን መጥቶ ብርጭቆ የሰበረው ልጅ?" አለችኝ። አዎ፣ እሱ።