«ለቀዝቃዛ ውሃ» ተብሎ የሚሸጥ ያገለገለ ሬጉሌተር ከመግዛታችሁ በፊት

ጀርመን፣ ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ስዊዘርላንድ ሆናችሁ ዳይቪንግ የምትሞክሩ ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በተለይ ደግሞ እስራኤል፣ ኤላት ተምራችሁ ወደ አውሮፓ ለመጣችሁ። ቀይ ባህር በክረምት እንኳ ከ20 ዲግሪ በታች እምብዛም አይወርድም። እዚያ ማንኛውም ደህና ሬጉሌተር፣ ማለትም የሲሊንደሩን አየር ግፊቱን ቀንሶ ወደ አፋችን የሚያመጣው ዕቃ፣ ይሰራል። እዚህ ግን አይደለም። እኔ ተሸውጃለሁ። ገንዘቡ ይቅር፣ ሕይወቴን ላጣ ነበር።

ያገለገለ ሬጉሌተር ስፈልግ ኦንላይን አንድ ማስታወቂያ አየሁ። «ለቀዝቃዛና ለጥልቅ ውሃ፣ ባለፈው ወር ሰርቪስ የተደረገ» ይላል። ዋጋው 180 ዩሮ። አዲሱን ሱቅ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ነበር ያየሁት። ሻጩ ትሁት ነው፣ ለጠየቅኩት ሁሉ ቶሎ ይመልሳል። «እኔ ራሴ በረዶ ስር ተጠቅሜበታለሁ» አለኝ። አመንኩት። ገንዘቡን «ለጓደኛ መላኪያ» በሚለው መንገድ ላክልኝ አለኝ፣ ኮሚሽን እንዳይቆረጥ። ላክሁለት። ያ መንገድ ለገዢ ምንም ጥበቃ እንደሌለው ያወቅሁት በኋላ ነው።

የካቲት ላይ ወደ ሄሞር ሄድን። ሰሜን ጀርመን ያለ ሐይቅ ነው፤ ድሮ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ጠመኔ ይቆፈርበት የነበረ ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት ነው ሐይቅ የሆነው። ጥልቀቱ 60 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በበጋ እንኳ ታች ያለው ውሃ ብርድ ነው። እኛ 31 ሜትር ላይ ነበርን። የዳይቪንግ ኮምፒውተሬ የውሃው ሙቀት 4 ዲግሪ መሆኑን ያሳያል።

መጀመሪያ አፌ ውስጥ የሆነ ነገር ሲያፏጭ ሰማሁ። ሁለት ሶስቴ እንደተነፈስኩ አየሩ መቆም አቃተው። ዝም ብሎ ይፈሳል። ጉንጬን ወጥሮ ከንፈሬን ያርገበግበዋል። ፊቴ ሁሉ አረፋ ሆኖ ጓደኛዬ አይታየኝም።

ያተረፈኝ አሰልጣኜ ነው። «ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ፣ ሁለት ቫልቭ ያለው ሲሊንደርና ለየብቻ የተገጠሙ ሁለት ሬጉሌተሮች ያልያዘ ሰው ከእኔ ጋር አይገባም» ብሎ ድርቅ ይል ነበር። እዚህ ጀርመን ይህ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ሬጉሌተር ከዳይቪንግ ማዕከሉ ተከራይቼ ነበር። ወደ እሱ ቀየርኩ። ጓደኛዬ ከኋላዬ መጥቶ የሚፈሰውን ቫልቭ ዘጋው። የሲሊንደሩን ግፊት የሚያሳየውን ጌጅ ሳየው 140 ባር የነበረው 60 ላይ ነው። ያ ሁሉ አየር ያለቀው እስክንረጋጋ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቀስ ብለን ወጣን። ጓደኛዬ በኋላ እንደነገረኝ፣ ቫልቩን ሲዘጋ ብረቱ ዙሪያ በረዶ ጋግሮ አይቷል።

እንዴት እንዲህ እንደሚሆን ላስረዳ። ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠመው ብረት ፈርስት ስቴጅ ይባላል። 200 ባር የሆነውን አየር ከአካባቢው ግፊት በላይ ወደ 10 ባር ገደማ ያወርደዋል። አፍ ውስጥ የሚገባው ሰከንድ ስቴጅ ደግሞ ወደምንተነፍሰው ግፊት ያደርሰዋል። አየር ግፊቱ በአንዴ ሲወርድ ይቀዘቅዛል። የብስክሌት ጎማ ስታስተነፍሱ ቫልቩ ላይ ጣታችሁን አድርጉ፣ ይገባችኋል። ውሃው ራሱ 4 ዲግሪ ከሆነ ብረቱን መልሶ የሚያሞቀው ነገር የለም። ፈርስት ስቴጁ ውስጥ የገባ ውሃ ወይም ሰከንድ ስቴጁ ውስጥ ያለው የትንፋሻችን እርጥበት በረዶ ይሆናል። በረዶው ቫልቩን ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። አየር በፈሰሰ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው አንዴ ከጀመረ በራሱ የማይቆመው።

ጥልቀቱም እዚሁ ጋ ይገባል። 40 ሜትር ላይ ግፊቱ 5 ባር ነው። ላይ ሆኖ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው፣ እዚያ 100 ሊትር የሚሆን አየር ከሲሊንደሩ ይስባል። ያ ሁሉ አየር በዚያች ትንሽ ብረት ውስጥ ያልፋል፣ ያ ሁሉ ያቀዘቅዛታል። ስለዚህ ብርድና ጥልቀትን ለየብቻ አታስቧቸው። 12 ሜትር ላይ ለዓመታት ያልከዳችሁ ሬጉሌተር 35 ሜትር ላይ ሊከዳችሁ ይችላል።

ወደ ሽወዳው ልመለስ። ዕቃውን ለባለሙያ ሰጠሁት። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሰከንድ ስቴጁ አንገት ላይ የነበረውን ባለቀለም የጎማ ቀለበት ገልጦ ማንሳት ነው። እኔ ጌጥ መስሎኝ ነበር። ከስሩ ኢኤን 250 የሚል ማህተም አለ። አጠገቡ የ«ይበልጣል» ምልክትና 10 ዲግሪ። ይህ ማለት ከ10 ዲግሪ በላይ ለሆነ ውሃ ብቻ የተፈቀደ ነው። ፈርስት ስቴጁ ግን ውሃ እንዳይገባው የታሸገ፣ ለብርድ የሚሆን ጥሩ ዕቃ ነው። ሰውዬው ጥሩ ፈርስት ስቴጅ ላይ የሞቃት አገር ሰከንድ ስቴጅ ገጥሞ ነው የሸጠልኝ። ማህተሙንም ሸፍኖታል።

ኢኤን 250 የአውሮፓ መለኪያ ነው። ሬጉሌተሩን 50 ሜትር በሚሆን ግፊት፣ በደቂቃ 62.5 ሊትር እያስተነፈሱ ይፈትኑታል። የብርዱ ፈተና 4 ዲግሪና ከዚያ በታች በሆነ ውሃ ነው። ያላለፈው ያ የ10 ዲግሪ ምልክት ይደረግበታል። ፈተናው ለሁለቱ ክፍሎች በአንድ ላይ ነው። አንዱን ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ አምጥታችሁ ከገጠማችሁ ማህተሙ ዋጋ የለውም። «የቀዝቃዛ ውሃ ኪት ተጨምሮበታል» የሚል ማስታወቂያም አለ። ኪቱ ፈርስት ስቴጁን ብቻ ነው የሚያሽገው። ሰከንድ ስቴጁን አይለውጠውም። ሌላም አለ። በ2014ቱ መለኪያ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኤ» የሚል ፊደል ያለው፣ በችግር ጊዜ ሁለት ሰው ከአንድ ፈርስት ስቴጅ እንዲተነፍስ ተፈትኗል ማለት ነው። ኦክቶፐስ፣ ማለትም ለጓደኛ የሚሰጥ ትርፍ ሰከንድ ስቴጅ፣ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ፊደል ፈልጉ።

«ባለፈው ወር ሰርቪስ ተደርጓል» የተባለውም አይን ያወጣ ውሸት ነው። ባለሙያው የስልኩን መብራት አብርቶ፣ ሲሊንደሩ የሚገባበትን ቀዳዳ አሳየኝ። ትንሿ የብረት ማጣሪያ አረንጓዴ ሆናለች። የጨው ውሃ ገብቶ ነው። ሰርቪስ ቢደረግ መጀመሪያ የምትቀየረው እሷ ነበረች። መካከለኛ ግፊቱን፣ ማለትም ከፈርስት ስቴጁ የሚወጣውን፣ ሲለካውም አልቆም አለ፣ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል። ለብርድ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ሰርቪሱንና አዲስ ሰከንድ ስቴጅ ደምሬ ሳሰላው፣ ከሱቅ አዲስ መግዛት ይሻለኝ ነበር።

ለሻጩ ፎቶውን ልኬ ጻፍኩለት። «የግል ሽያጭ ነው፣ ዋስትና የለውም» አለኝ። ደግሜ ስጽፍ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከዚያ ብሎክ አደረገኝ። ይህን ግን እወቁ፦ በጀርመን ህግ ሻጭ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ «ዋስትና የለውም» የሚለው ቃል አያድነውም። ችግሩ አውቆ መደበቁን ማስረዳት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ መልዕክቶቹን በሙሉ፣ ማስታወቂያውንም ጭምር፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። እኔ ማስታወቂያውን አላስቀመጥኩም ነበር።

ያገለገለ መግዛት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን በአካል ሄዳችሁ እዩት። ማጣሪያዋን በመብራት ተመልከቱ። የፈርስት ስቴጁን ቀዳዳ በክዳኑ አጥብቃችሁ ዝጉና ከሰከንድ ስቴጁ በአፋችሁ ሳቡ፤ ትንሽም አየር ከገባ የሆነ ቦታ ያፈሳል። የሰርቪስ ደረሰኝ ጠይቁ፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ሲሊንደራችሁ ጀርመን የተለመደው በጥርስ የሚጠብቀው፣ ዲን የሚባለው መግጠሚያ ያለው ከሆነ ሬጉሌተሩም ዲን ይሁን። ጥሩ ዕቃ ይዛችሁም ቢሆን ብርድ ላይ ከውሃ ውጭ አትሞክሩት፣ የትንፋሻችሁ እርጥበት ውስጡ በረዶ ይሆናል። ውሃ ውስጥ የአየር መልቀቂያውን ቁልፍ በረጅሙ አትጫኑ። አየር የሚሞላውን የዳይቪንግ ልብስም (ድራይ ሱት) በአጭር በአጭሩ ንፉ።

ያ ሻጭ ትናንት ሌላ ማስታወቂያ አውጥቷል። ሌላ ስም፣ ያው ምንጣፍ ላይ የተነሳ ፎቶ፣ ያው «በረዶ ስር ተጠቅሜበታለሁ»። የአሁኑ 220 ዩሮ ነው። ሰከንድ ስቴጁ አንገት ላይ ብርቱካናማ ጎማ አለ። እንዲህ ያለ ዕቃ ካጋጠማችሁ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ ጎማውን አውልቀህ ፎቶ ላክልኝ በሉት።