የላፕቶፕና የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ፦ መሰኪያቸው አንድ፣ ቮልታቸው የተለያየ

ሃርድ ዲስክ የሚገዛ ወይም ከተበላሸ ኮምፒውተር የወጣውን መልሶ ለመጠቀም ያሰበ ሰው ከዋጋው በፊት ማጣራት ያለበት የቮልቱን ጉዳይ ነው። ባለ 2.5 ኢንቹ የላፕቶፕ ዲስክም ሆነ ባለ 3.5 ኢንቹ የዴስክቶፕ ዲስክ፣ ሳታ (SATA) የሚባለውን የመሰኪያ ዓይነት እስከተጠቀሙ ድረስ፣ ባለ 7 ፒኑ የዳታና ባለ 15 ፒኑ የኃይል መሰኪያቸው በቅርጽ አንድ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ የሚሠራ ይመስላል። ሆኖም የላፕቶፑ ዲስክ ሞተሩንም ሰርኪዩቱንም የሚያሠራው በ5 ቮልት ብቻ ሲሆን፣ የዴስክቶፑ ግን ለሞተሩ 12 ቮልት ጭምር ይፈልጋል። ይህም ዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፎ ይገኛል።

ስለዚህ የላፕቶፕ ዲስክ ዴስክቶፕ ላይ ያለ ምንም አዳፕተር ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ማሰሪያ ብረት ብቻ ነው። ተገላቢጦሹ ግን አይሆንም፤ የዴስክቶፕ ዲስክ ላፕቶፕ ውስጥ ካለመግባቱም በላይ በዚያ መሰኪያ የሚመጣለት 12 ቮልት የለም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ዲስኩን በዩኤስቢ ከውጭ ለመጠቀም ሲፈለግ ነው። ዩኤስቢ 2.0 በመደበኛነት 500 ሚሊ አምፔር፣ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። የላፕቶፕ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይነሣል፤ ቀጭ ቀጭ እያለ አልነሣ ካለ፣ ተበላሽቷል ከማለት በፊት ወደ 3.0 ቀዳዳ መቀየር ወይም ሁለት የዩኤስቢ ራስ ባለው ኬብል መሞከር ይገባል። የዴስክቶፕ ዲስክ ግን ሲነሣ ከ12 ቮልቱ ብቻ እስከ 2 አምፔር፣ ማለትም 24 ዋት ገደማ ሊስብ ስለሚችል፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ የራሱ አዳፕተር ያስፈልገዋል። አዳፕተሩ ከጠፋ በምትኩ የ19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር፣ ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ፣ ፈጽሞ መሰካት የለበትም፤ ዲስኩን ሊያቃጥለው ይችላል።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር ሰው እኔ የምመርጠው ባለ 2.5 ኢንቹን ነው፤ መብራት ቢጠፋም ከላፕቶፑ ባትሪ እየሳበ ሥራውን ይቀጥላል፣ የዴስክቶፑ ዲስክ ግን ፋይል እየገለበጠ ሳለ በድንገት ይቆማል። ከ5 ቴራባይት በላይ ማስቀመጥ የሚፈልግ ግን ባለ 3.5 ኢንቹን ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል ከሚሰጥ የባትሪ መሣሪያ) ጋር ቢገዛ ይሻለዋል።