ሱፐር አይኮንታ ወይስ ኢዞሌቴ 3?

ሁለቱም ጀርመን የተሰሩ፣ 120 የሚባለውን ሰፊ ጥቅል ፊልም የሚጠቀሙ የድሮ ካሜራዎች ናቸው፣ ክዳናቸውን ስትከፍቱት ሌንሱ እንደ አኮርዲዮን በሚዘረጋ እጥፍጥፍ ሽፋን ጫፍ ላይ ሆኖ ይወጣል፣ ስትዘጉት ኮት ኪስ ይገባል። ልዩነቱ ያለው ፎከስ ላይ ነው።

የዛይስ አይኮኑ ሱፐር አይኮንታ (እ.ኤ.አ. በ1934 ነው የወጣው) ርቀት መለኪያው ከሌንሱ ጋር በማርሽ ጥርስ ተያይዟል፣ ፊት ለፊት በምትቆም ትንሽ ክንድ ላይ ሁለት ክብ ፕሪዝሞች (ብርሃን የሚያጥፉ መስታወቶች) አሉ፣ ፎከሱን ስታዞሩ እነሱም ይዞራሉ፣ በመመልከቻው ድርብ ሆኖ የሚታየው ምስል ሲገጥም በቃ መጫን ነው። እንዲህ አይነት ነገር ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ! የ1950ዎቹ አግፋ ኢዞሌቴ 3 ግን ርቀቱን ብቻ ይነግራችኋል፣ ቁጥሩን አንብቦ ሌንሱ ላይ መሙላት የናንተ ስራ ነው። ለተራራ ችግር የለውም፣ ለሚሮጥ ልጅ ግን እናንተ ቁጥር ስታነቡ ልጁ ሰፈር ቀይሯል።

ፍሬም (የአንዱ ፎቶ መጠን ፊልሙ ላይ) ኢዞሌቴ 6 በ6 ሴንቲሜትር ነው፣ በአንድ ፊልም 12 ፎቶ። ሱፐር አይኮንታ እንደ ሞዴሉ 6 በ4.5፣ 6 በ6 ወይ 6 በ9 አለው፣ የ6 በ9ኙ ግን 8 ብቻ ነው የሚያነሳው።

ዋጋ ላይ ኢዞሌቴ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ግን ተጠንቀቁ፣ የአግፋ አኮርዲዮን ጥጉ ላይ እየተበሳ ብርሃን ያስገባል፣ አረንጓዴው ግሪስም እንደ ሙጫ ደርቆ ፎከሱን ያስረዋል። የዛይሱ የቆዳ አኮርዲዮን ይሻላል፣ ቢበዛ የውጪው ሽፋን ስር ሚስማሩ ዝጎ ጉብ ጉብ ይላል፣ እሱ መልክ ነው እንጂ ስራ አያበላሽም። ለኔ ሱፐር አይኮንታ። ኢዞሌቴ ካማራችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጨለማ ክፍል ገብታችሁ የስልክ መብራት ውስጡ አብሩበት።