የረጋ ማር ይዤ ለጠብ የሄድኩበት ቀን

ኅዳር ላይ የገዛሁት ማር ታኅሣሥ ሲገባ ግግር ብሎ ረጋ። ማንኪያ እንቢ አለው። እኔ ደግሞ አንዴ ተበልቻለሁ። አምና ጎንደር ከተማ ከአንድ ሱቅ «ንጹሕ ማር» ብዬ የገዛሁት ቀምሼው ስኳር ብቻ ነበር። ዘንድሮስ አልሸወድም ብዬ ጠርሙሱን አንጠልጥዬ፣ በባጃጅ ወደ አዘዞ አቅጣጫ፣ ቀሪውን በእግሬ፣ ማሩን የሸጡልኝ ሽማግሌ ንብ አናቢ ግቢ ደረስኩ።

አባባ አልተቆጡም። ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆሙልኝ። «ልጄ፣ ማር ብርድ ሲያገኘው ይረጋል። ብቻ እሳት ላይ እንዳትጥጂው» አሉኝ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ከዳር ከዳር መፈታት ጀመረ። አፈርኩ።

እስኪፈታ ድረስ ቀፎዎቹን አየሁ። ስድስቱ ባህላዊ ናቸው፣ በእበት የተለሰኑ። ሁለቱ ሳጥን፣ ዘመናዊ የሚባሉት። የመደቡ እግር ዙሪያ አመድ ተነስንሷል፣ ለጉንዳን ነው። ዋናውን ማር የሚቆርጡት አደይ አበባና መች የሚባለው የዱር አበባ አብበው ካለፉ በኋላ ነው፣ ሲመሽ፣ ጭስ እያጨሱ። ለንቦቹም ስንቅ ይተዉላቸዋል።

ከሁሉ የገረመኝ አንድ ቁራጭ የማር እንጀራ ነው። ግማሹ በስስ ነጭ ሠም ተከድኗል፣ ግማሹ አፉን ከፍቷል። «ክፍቱን በስህተት ቆረጥኩት» አሉ። ንቦቹ ውሃውን በክንፋቸው አራግበው ሳያደርቁት አይከድኑትም ለካ። ያልተከደነው ውሃ ስለሚበዛበት ቶሎ ይቦካል። እኛ ቤት ማር አፈር ላይ ጠብ እያደረግን ስንፈትሽ ኖረናል፤ ከዚያ ይልቅ እንጀራውን ማየት ይሻላል።

ለጠጅ የምትፈልጉ ከባህላዊው ቀፎ፣ ሰፈፉ ያልወጣለትን ጠይቁ። ለልጆች ቁርስ የሳጥኑ ይሻላል፣ ጥርት ያለ ነው።

እንከን አለው። ዋጋው ከቅዳሜ ገበያ ይወደዳል፣ ክርክር የለም፣ ስልክም አያነሱም። ማሩን ደግሞ በአሮጌ የውሃ ጠርሙስ ነው የሚሞሉት፤ ክዳኑ አፍስሶ ነጠላዬን ጉድ ሠራው። ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ፣ አንዷን ያስቀነሰኝ ክዳኑ ነው።

የግንቦቱን ሁለት ኪሎ ከወዲሁ አስይዣለሁ። የራሴን እንስራ ይዤ ነው የምሄደው።