ለመንግሥት ሠራተኞች ልጆች፦ ማቆያ በመሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ወይስ ለግል ማቆያ የክፍያ ድጎማ?

ወጪ። ማቆያው በመንግሥት ሕንፃ ሲከፈት ኪራይ አይከፈልም። የማቆያ ትልቁ ወጪ ግን የሞግዚቶች ደመወዝ ነው፤ ክፍል ሰጥቶ በጀት የማይመድብ መሥሪያ ቤት ባዶ አልጋዎችን ብቻ ያስቀምጣል። ድጎማው እድሳት አይፈልግም፤ የግል ማቆያዎች ዋጋ በጨመሩ ቁጥር ግን ይሳሳል።

ቅርበት። ለእኔ ዋናው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። ልጁ ምድር ቤት ካለ እናቱ ወርዳ አጥብታው ትመለሳለች። በድጎማ ይህ የሚሆነው ማቆያው ቅርብ ከሆነ ነው።

ስጋት። አሮጌ ሕንፃ እርሳስ ያለበት ቀለም ሊኖረው ይችላል፤ ሳይመረመር ልጅ አይግባበት። ክፍሉም መሬት ላይ ያለ፣ የራሱ መውጫ ያለው ይሁን፤ እሳት ቢነሳ ሕፃናት ደረጃ መውረድ አይችሉም።

ብዙ ሠራተኛ በአንድ ግቢ የሚውል ከሆነና ባዶ ክፍል ካለ፣ ሕንፃው ይሻላል። ሠራተኞቹ በየቦታው ለተበተኑበት ወይም በፈረቃ ለሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ድጎማው ይመቻል።